በአበልጄ ዝና ላይ የቀረበ አቤቱታ

ቅዳሜ፣ ጁን 7 ቀን 1919

ለሳንታ ኦላያ ሕዝብና ለመጪው ትውልድ በታላቅ ሐዘን ይታወቅ፦ ዛሬ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይደፈር የኖረው የቅዳሜ የጢም መላጫ ተራዬ ተደፈረ። በአበልጄ ጸጉር ቤት፣ በወንበሬ ላይ የተቀመጠው የያንኪዎቹ፣ የአሜሪካውያኑ፣ ሃምሳ አለቃ ነው። እግሩን እስከ በሩ ዘርግቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጉሮሮውን ለአበልጄ ምላጭ አስረክቦ ተጋድሟል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ከመርከብ ወርደው ጉምሩኩን ሲይዙ ታገስኩ። ፓርላማውን ሲበትኑ ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጻፍኩና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። የስኳር ኩባንያቸው ቀያሾች በአጎቴ ማሳ ላይ ገመድ ሲጎትቱ «ሕግ ይፈታዋል» አልኩ፤ ሕጉም የእነሱ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። የጢም ተራ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው የሆነ ቦታ ላይ ድንበር ያስፈልገዋል።

«አበልጄ፣ አንድ አፍታ ታገሠኝ» አለኝ ኔፖሙሴኖ ምላጩን በመሳያው ቆዳ ላይ እያፋጨ። «ይኼ ሰውዬ የያዘው ጠመንጃ ነው። አንተ የያዝከው ዣንጥላ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ኔፖሙሴኖ ላንቲጓ የልጄ የሊቢያ ክርስትና አባት ነው። ጸጉርና ጢም ያስተካክላል፣ ደረቱን ያፍነዋል፣ ፊደል አይለይም። ግጥም ግን ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። እኔ ኢልዴፎንሶ ፔጌሮ የከተማው ምክር ቤት ጸሐፊ ስሆን፣ ሃያ ስድስት ውዳሴዎች ደርሻለሁ፤ ሁለቱ በዋናው ከተማ ጋዜጣ ላይ ከሳል መድኃኒት ማስታወቂያ ጎን ታትመዋል። ይህን የምጽፈው ልዩነታችን እንዲታወቅ ብቻ ነው፤ ቅናት አይደለም።

ሃምሳ አለቃው እንደወጣ ኔፖ ምላጩን ጠረገና ግጥሙን አወረደው፦

ቤትህን ከሌባ ልጠብቅ አለና፣
ደጄ ላይ ቆመልኝ ጠመንጃ ያዘና፤
ማታ ልግባ ብለው፣ «የቤቱ ጌታ ነኝ»፣
«ሌባው መጣ!» ብሎ በገዛ ቤቴ ያዘኝ።
አገዳው የኔ ነው፣ ስኳሩ የሱ ነው፤
መራራ ቡናዬን በምን ላጣፍጠው?

«ድገመው!» አሉ። ደገመው። እኔም ለጨዋነት ያህል ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ጁን 9

ግጥሙ ዓሣ ተራ ደርሷል።

ሚስቴ ኤዱቪሂስ የሚጠበስ ሙዝ እየላጠች ስታንጎራጉረው ደረስኩባት።

«ይኼን ከማን ሰማሽው?»

«ከማን ያልሰማሁት አለ?»

«በዐሥራ ስድስት ዓመት ትዳር ከእኔ ውዳሴዎች አንዷን እንኳ አንጎራጉረሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ያንተ'ኮ እስኪያልቅ ሙዙ ያርራል።»

ረቡዕ፣ ጁን 11

ነገሩን ያለ አድልዎ መረመርኩት። ግጥሙ ጉድለት አለበት። ቡና በግጥም ውስጥ ምን ይሠራል? ቡና ቦታው ጓዳ ነው። እንደዚህ ያለ ትልቅ የአገር መከራ ስኒ ውስጥ ሲገባ ማየት አንጀቴን አሳረረው።

አየር ላይ የሚኖር ነገር ደግሞ እርማት አይቀበልም። ስለዚህ በምክር ቤቱ ወረቀት ላይ፣ በመልካም ጽሕፈቴ ገለበጥኩት። ከላዩም «የጸጉር አስተካካዩ የኔፖሙሴኖ ላንቲጓ» ብዬ ጻፍኩ፤ የሰው ገንዘብ አልነካም። የመጨረሻውን ስንኝ ሰርዤ ከጎኑ የተሻለውን አስቀመጥኩ፦ «ኦ መሪር ጽዋዬ ሆይ፣ በምን ላጣፍጥሽ!» ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ለማንም አላሳየሁም። ለጊዜው።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ዛሬም ሃምሳ አለቃው። ሳልላጭ ተመለስኩ።

መቶ አለቃ ዊትኮም፣ ከተማችንን የሚገዛው፣ የግጥሙን ባለቤት እያፈላለገ ነው። ከፖርቶ ሪኮ ባመጣው አስተርጓሚው በቲርሶ በኩል ዓሣ ሻጮቹን ጠይቋል።

«ማን ነው ያለው?»

«ሰው።»

«የትኛው ሰው?»

«የሚያወራው ሰው ነዋ፣ ጌታዬ።»

በአገራችን የአፍ ግጥም በወረቀት አይሰፍርም። ሁሉም ባለቤቱን ያውቃል፣ ማንም አይጠራውም፤ ያልተጻፈን ነገር ደግሞ ማንም ችሎት ፊት አያቀርበውም። ብልህ ልማድ ነው። የእኔ ውዳሴዎች ግን ከነፊርማቸው፣ ከነቀናቸው ተቀምጠዋል፤ እስከ ዛሬ ማንም አፈላልጓቸው አያውቅም።

ዓርብ፣ ጁን 20

ተፈጸመ! «ውዳሴ ለነጻነት»፣ ዘጠና ስድስት ስንኝ። «ወራሪ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ፣ «ሰንሰለት» ሰባት ጊዜ ይገኝበታል። በእነሱ ትእዛዝ የሚታተም ሁሉ አስቀድሞ በመቶ አለቃው ዐይን ማለፍ አለበት። ጠዋት ራሴ ወስጄ ሰጠሁ። ከሰዓት በኋላ ሻንጣ አዘጋጀሁ፦ ሁለት ሸሚዝ፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ።

«ወዴት ነው?» አለች ኤዱቪሂስ።

«ወደ እስር ቤት። ወደ ታሪክ።»

«ለታሪክ አንድ ጥንድ ካልሲ ይበቃሃል?»

ሌላ ጥንድ ጨመርኩ።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

አልመጡም። በመስኮት ሦስት ጊዜ አየሁ። አንድ ጊዜ የቦት ጫማ ኮቴ ሰምቼ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ዳቦ ጋጋሪው ነበር። ኮፍያ እንኳ አላወለቀልኝም።

ሐሙስ፣ ጁን 26

ውዳሴዬ ተመለሰ። ማኅተም አለበት፦ «የሚያሠጋ ነገር የለበትም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሚያሠጋ ነገር የለበትም!

ቲርሶ በበኩሉ መልእክት ነበረው። «መቶ አለቃው በጣም ወድዶታል፣ ክቡር ጸሐፊ። ወራሪ የተባሉት እንግሊዞች፣ ነጻነት ያገኘችው ደግሞ የእሱ አገር መስላው ነው ያነበበው። በበዓላቸው ቀን፣ በጁላይ አራት፣ መናፈሻው ውስጥ ቆመህ እንድታነበው ይጠይቅሃል።»

«ለእነሱ በዓል? እኔ?»

«ሎሚናትም አለ» አለ ቲርሶ ሳይስቅ።

ሰኞ፣ ጁን 30

እምቢ ማለት እንዳለብኝ አምናለሁ። ይሁንና ግብዣው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። እምቢታም በማኅተም መሆን አለበት፤ ማኅተሙ ደግሞ ያለው መቶ አለቃው ዘንድ ነው። ከዚህ በላይ ሰው ምን ያድርግ? ደግሞም ብዙ ሕዝብ ይመጣል።

ዓርብ፣ ጁላይ 4

ከመናፈሻው ገና መመለሴ ነው።

ጥቁሩን ካፖርቴን ለበስኩ። ከለውዝ ዛፎቹ ሥር መድረክ ሠርተው፣ ባንዲራቸውን ሰቅለው፣ የእኛን ባንዲራ ጠረጴዛ ላይ አንጥፈውት ነበር፤ ሎሚናቱ ላዩ ላይ። ሳንታ ኦላያ በሙሉ መጥታለች። ጀመርኩ። እስከ ሃያኛው ስንኝ ጸጥታ ነበር፤ የአክብሮት ጸጥታ ነው ብዬ ያዝኩት። ሃምሳኛው ላይ ሃምሳ አለቃው አንኮራፋ። ሰባተኛው «ሰንሰለት» ላይ ስደርስ ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ማንጎራጎር ጀመረ። ዜማውን ወዲያው ዐወቅኩት። ከዚያ ሁለት ሆኑ። ከዚያ የዓሣ ሻጮቹ ረድፍ በሙሉ። ቃል የለም፤ ዜማ ብቻ። የቡናው ስንኝ ላይ ሲደርሱ መናፈሻው በሳቅ ፈነዳ። መቶ አለቃውም በዓሉ ያመጣው ደስታ መስሎት አጨበጨበ።

ኤዱቪሂስም ሳቀች። መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ፤ አየኋት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይኼ አይደለም። ኔፖ አልነበረም! ደረቱ ይዞት ቤቱ ተኝቷል። እኔ በካፖርትና በዘጠና ስድስት ስንኝ ያላገኘሁትን እሱ አልጋው ላይ ተኝቶ ወሰደው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለፊርማ ወደ መቶ አለቃው ቢሮ ይሄዳል። የዛሬውም ሄደ። ማኅደሩን ከላክኩ በኋላ ጠረጴዛዬን ሳስተካክል፣ ያ የእርማት ወረቀት፣ የኔፖ ስም ያለበት፣ የለም። በስሕተት ከቃለ ጉባኤው መሐል ገብቶ ሄዷል። ነፋስ ነው። የመስኮቱ መዝጊያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ስንት ጊዜ ለምክር ቤቱ አሳስቤያለሁ።

ሮጬ ላስመልሰው ነበር። ግን መሮጥ ጥርጣሬ ያመጣል። ደግሞ ማን ያነበዋል? ቃለ ጉባኤ አንብቦ የሚያውቅ ሰው አለ?

ምሳ አልበላሁም። ሙቀቱ ነው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ኔፖን ወሰዱት። ከሥራው ላይ፣ ምላጩ በእጁ እንዳለ። ወንበሩ ላይ የነበረው መድኃኒት ሻጩ ዶን ኡባልዶ ነው፤ ግራ ጉንጩ ተላጭቶ ቀኙ ቀረ።

«ልጨርስልዎ?» አለው ሌላ ሰው።

«የጀመረው ይጨርሰዋል» አለ ዶን ኡባልዶ፤ እንዲያው በግማሽ ጢሙ ከተማውን ዞረ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

ከመቶ አለቃው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከጉምሩክ ወረቀቶች በለመድኩት እንግሊዝኛ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ስለ «ጥንቃቄ የተሞላበት ሪፖርቴ» ያመሰግናል። ስሜ ለማንም እንደማይነገርም ያረጋግጣል። ሪፖርት! ተሳስቷል። እሳት ውስጥ ከተትኩት።

ኤዱቪሂስ «ምን ይላል?» አለች።

«ስለ መስኮቱ መዝጊያ ነው።»

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

ግማሽ ጢም ወረርሽኝ ሆኗል። ዳኛው፣ ዓሣ ሻጮቹ፣ ደወል መቺው ሳይቀር የቀኝ ጉንጫቸውን ጢም አሳድገው ይሄዳሉ። ኔፖ ካልተፈታ አይላጩም። ሃምሳ አለቃው ራሱ ተላጭቶ አገጩን ሦስት ቦታ ቆርጧል፤ በእሱ ቁስልም ዘፈን ወጣ። እኔም መላጨት ተውኩ፤ ግን የእኔ ጢም በአገር ፍቅር ጉዳይ ሰነፍ ነው፤ እንደ በጋ ሣር እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ቀረ። «ታመሃል እንዴ?» አሉኝ።

ሴቶቹ ምግብ ይዘው እስር ቤት በሆነው ግምብ በር ላይ ይሰለፋሉ። ኤዱቪሂስ ዛሬ ሳንኮቾ፣ የሥጋ ወጣችንን፣ ሠራች። ድስቱን ከፈትኩ። ቅልጥሙ የለም።

«ቅልጥሙስ?»

«ለአበልጃችን ሄደ።»

«ለእኔስ?»

«አንተ'ኮ ውጭ ነህ።»

ሰው እስር ቤት ገብቶ እንኳ በገዛ ምሳዬ ላይ ይቀድመኛል። ሃምሳ ሰው «ሳሉ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሳሉ እንኳ ሰሚ አለው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

የኔፖ ሚስት ሆቪና መጣች። አቤቱታ ጻፉልኝ አለች። አራት ገጽ ጻፍኩላት፤ በጣም ያማረ። በጣቷ ወረቀቱን እየዳሰሰች፣

«አበልጄ፣ ኔፖ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለች።

ፈለግኩ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች። ጣቷን ይዤ አስነካኋት።

«ሩቅ አስቀመጡት» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትናንት ሸሚዙን ላጥብ ስወስድ እጅጌው ላይ ደም አለ። ከፈረዱበት ድንጋይ ፈለጣ ነው የሚልኩት ይላሉ። አቧራውን አይችለውም። እርስዎ ያውቋቸዋል፤ በወረቀት ነው የተያዘው አሉ፤ ያንን ወረቀት የሰጣቸው ማን እንደሆነ እንኳ ይጠይቁልኝ።»

«እጠይቃለሁ» አልኩ።

ዶን ኡባልዶ ስድስት ወር አይቆይም ብሏል። እስሩን ማለቱ ሳይሆን ኔፖን ነው።

እሑድ፣ ጁላይ 20

ነገ ችሎት። አልጸለይኩም። ቤተ ክርስቲያን ግን ሄድኩ።

ሰኞ፣ ጁላይ 21

ችሎቱ በምክር ቤቱ አዳራሽ ተቀመጠ። መቶ አለቃ ዊትኮም ከሳሽም ዳኛም ነው፤ ወጪ ለመቆጠብ ይመስለኛል። ኔፖ ቀጭኗል። ጢሙ የሚላጨው አጥቶ አድጓል፤ እሱም በሁለቱም ጉንጭ! በዚህ እንኳ በለጠኝ ብዬ አሰብኩ። እግዚአብሔር ይየኝ፣ በዚያች ሰዓት ይህንን አሰብኩ።

ቲርሶ ወረቀቱን አንሥቶ «ይህ የአንተ ነው?» አለው።

«አንብብልኝ፣ ወንድሜ። ዐይኔ ፊደል አያውቅም።»

ቲርሶ አነበበ። «ኦ መሪር ጽዋዬ ሆይ» ላይ ሲደርስ የኔፖ ፊት በደነዘ ምላጭ እንደተላጨ ሰው ተጨማደደ።

«ላይኛው የእኔን ይመስላል» አለ። «መጨረሻው ግን የእኔ አይደለም። ብዙ ኃጢአት አለብኝ፤ እንደዚህ ያለ አልሠራሁም።»

ሰው ሳቀ። ኔፖም ሳቀና ሳሉ ያዘው። ረጅም ሳል ነበር። አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀው። ሆቪና ግድግዳ ተደግፋ ዐይኗን ጨፍናለች።

ምን እንዳስነሣኝ አላውቅም። ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«ክቡር መቶ አለቃ፣ ግጥሙ የእኔ ነው። ከላይ እስከ ታች። ይህ ሰው ከእኔ ሰምቶ ነው የሚዘፍነው።»

መቶ አለቃው አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ወደ ቲርሶ ዞሮ በቋንቋው ተናገረ፤ ሰማሁት፣ ገባኝም፦ «ይህን ሰው ጽፎ የሰጠን እሱ ራሱ አይደለም እንዴ? አሁን ምን ነካው?»

ቲርሶ አየኝ። ሕዝቡን አየ። ሆቪናን አየ። በትውልድ ደሴቱ በፖርቶ ሪኮ ላይ የእነሱ ባንዲራ ከተሰቀለ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የትኛው ቃል ሰው እንደሚገድል ያውቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ተረጎመልኝ፦

«መቶ አለቃው እንዲህ ይላል፦ ውዳሴህን አንብቤያለሁ፣ ክቡር ጸሐፊ። ይህንን አንተ ልትጽፈው አትችልም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እንዳልወደቅኩ የያዘኝ ያ ስድብ ነው።

«አበልጄ፣ ቁጭ በል» አለ ኔፖ እንባውን እየጠረገ። «የሰው ልጅ ክርስትና ይነሣል እንጂ የሰው ግጥም አይነሣም። ደግሞ ስንኝህ ያነክሳል። እኔ ያልኩት እንዲህ ነው!» ብሎ በተሰበረ ድምፁ አወረደው፦ «አገዳው የኔ ነው፣ ስኳሩ የሱ ነው፤ መራራ ቡናዬን በምን ላጣፍጠው!»

አዳራሹ ተቀበለው። መቶ አለቃው ጠረጴዛ መታ። ስድስት ወር፣ የስኳር ኩባንያውን ወፍጮ ከወደቡ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ድንጋይ ፈለጣ።

ሲያወጡት በጠረጴዛው በኩል አለፈ። ወረቀቱን ዝቅ ብሎ አየው፤ ብዙ ቆየበት። ኔፖ ማንበብ አይችልም። ነገር ግን ከሱቁ በር በላይ ያለውን ሰሌዳ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ከሥሩ ቆሞ ሠርቷል። እኔ ጋ ሲደርስ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«አቤት ጽሕፈትህ፣ አበልጄ» አለኝ። «ያምራል።»

ፈገግ ብሎ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 23

ጀግና ሆኛለሁ።

ዶን ኡባልዶ መንገድ ላይ አቅፎኝ ግማሽ ጢሙን ጉንጬ ላይ አሸው። «አንገትህን ሰጠህለት!» አለ። ዓሣ ሻጮቹ ቆመው ኮፍያ አወለቁ። ዶሚኖ ቤት የመጀመሪያውን ወንበር ለቀቁልኝ። ስለ እኔ ሁለት ስንኝ ወጥቷል አሉ፤ ጥሩ ነው ይባላል። ኤዱቪሂስ ምሳ ላይ ቅልጥሙን ሳህኔ ውስጥ አስቀመጠች፤ ቀስ ብላ፣ በሁለት እጇ።

የተመኘሁት ሁሉ በሁለት ቀን መጣ። ቅልጥሙን ለድመቷ ሰጠሁት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 24

ሆቪና ዶሮ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ሌላ ያላት የለም። እጄን ያዘች፣ ይህንኑ የምጽፍበትን፣ ሳመችው። ልነጥቃት ሞከርኩ፤ አልለቀቀችም።

«እግዜር ይቁጠርልዎ» አለች። «ያንን ወረቀት የሰጠውን ሰው ግን እግዜር ያሳየኝ፤ ሌላ አልለምነውም።»

በመስኮቱ ከመንገዱ በኩል ይሰማል። ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ከዚያ ሳል። ከዚያ እንደገና ድንጋይ። መዝጊያው የተሰበረ ስለሆነ መዝጋት አይቻልም ልል ነበር። መዝጊያው ደኅና ነው። ሄጄ ዘጋሁት። አሁንም ይሰማል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

እርማት።

በዚህ ደብተር በጁላይ 5 ቀን በተጻፈው መዝገብ ላይ «በስሕተት ከቃለ ጉባኤው መሐል ገብቶ ሄዷል፤ ነፋስ ነው» ተብሎ የሰፈረው ቃል ሐሰት ስለሆነ ተሰርዟል። በምትኩ እንዲህ ተብሎ ይነበብ፦ «ወረቀቱን የምክር ቤቱ ጸሐፊ ኢልዴፎንሶ ፔጌሮ በገዛ እጁ በሦስተኛውና በአራተኛው ገጽ መሐል አስገባው፤ የኔፖሙሴኖ ላንቲጓ ስም ከላይ እንዲታይ አድርጎ አስተካከለው፤ የማኅደሩንም ክር ራሱ ቋጠረው። በዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም።»

በጁን 11 ቀን ስለ ግጥሙ ጉድለት የተባለውም ተሰርዟል። የመጨረሻው ስንኝ ባለቤቱ እንዳለው ይጽና።

ይህ እርማት በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቷል። አንደኛው እዚህ ይቀራል። ሁለተኛው ዛሬ ከቀትር በፊት ለወይዘሮ ሆቪና ላንቲጓ ከነዶሮዋ ይደርሳል፤ ወይዘሮዋ ማንበብ ስለማትችል፣ ጸሐፊው ደጇ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው ራሱ ያነብላታል።